ማሽን ከመግዛት በፊት ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛም በፊት ደረቅ እንጨት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ገንዘቡን በእንጨት ሥራ ላይ ለማዋል የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የማሽን ዋጋ ነው። ክብ መጋዙ ስንት ገባ? መላጊያ ማሽኑ ከየት ይመጣል? ባለ ሦስት ፌዝ መስመር መቼ ይገባልኛል? ደላላውም የለመደው ይህንኑ ጥያቄ ነውና መልሱ በእጁ ነው። አናጢው ቆሞ የሚሠራበት ጠረጴዛ ግን ከነአካቴው በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ከተራረፈ ሞራሌ በምስማር ተመትቶ፣ ላዩ ኮምፔርሳቶ ተለብጦ ከግድግዳ ይጠጋል። አናጢው መላጊያውን ሲገፋ ጠረጴዛውም አብሮት ይሄዳል፤ መሮውን ሲመታ ይዘላል፤ በስድስት ወሩ ደግሞ ምስማሩ ይላላና እንደገና ይመታል።

ይህ ጸሐፊ የሚለው አጭር ነው። በግቢው ወይም በተከራያት አንዲት ክፍል የእንጨት ሥራ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ካፒታል ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ከባድና የማይነቃነቅ የሥራ ጠረጴዛ ነው። ለዚህ ጠረጴዛ የሚሆነው እንጨትም በአካባቢያችን ተራራና ማሳ ላይ ቆሟል። የጎደለው ያንን እንጨት አድርቆ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ነገሩ የአናጢ ወሬ መስሎ የሚታያቸው ነጋዴዎች ካሉ እስከ ታች ድረስ ቢያነቡት ይበጃቸዋል፤ ትርፉ ያለው በእነርሱ ደጅ ነውና።

ለምን አሁን ይነሣል ቢባል ምክንያት አለው። በጥቅምት ማብቂያ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ኅዳር 27 ቀን ገደማ በቆዩበት ጊዜ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጀምሮ እስከ ተራው የንግድ ቤት ድረስ ብዙ ንብረት ተዘርፏል፤ ወድሟልም። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከዜሮ ለሚያነሣ ባለሙያ «መጀመሪያ ማሽን ግዛ» ማለት «ሥራ አትጀምር» ከማለት ብዙም አይርቅም። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር መውጣቱን ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ጠረጴዛው ግን ዶላር አይጠይቅም። ከውጭ የሚመጣው ሞርሳው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን መዝለል እንደሚቻል ከታች እናያለን።

የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 ከተፈቀደ ወዲህ ማሽን በኪራይ መያዝ እንደሚቻል አይካድም። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ማሽን የሚሰነጥቀውና የሚልገው እንጨት የሚለካው፣ የሚሞረደው፣ የሚጋጠመውና በኮላ የሚያያዘው በጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ጠማማ ከሆነ በሩም ጠማማ ይወጣል፤ ምክንያቱም አናጢው «ቀጥ ብሏል» የሚለው ከተጋደመበት ገበታ ጋር አስተያይቶ ነው። ጠረጴዛን ካፒታል ማለት ለጆሮ እንግዳ የሚሆንበት ካለ፣ ባንክ የምንለው ቃል ራሱ የጣሊያን ገንዘብ ለዋጮች ገንዘባቸውን ከሚዘረጉበት፣ ባንኮ ከሚሉት ጠረጴዛ የመጣ መሆኑን ያስታውስ። ጣሊያኖች ዛሬም የአናጢውን ጠረጴዛ በዚያው ስም ይጠሩታል።

እስኪ በቁጥር እንየው። አንድ አናጢ እንጨቱ ስለሚንሸራተትበት፣ ልጁን ጠርቶ «ያዝልኝ» ስለሚል፣ የላገውን መልሶ ስለሚልግ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ያባክናል እንበል። በዓመት 280 ቀን ቢሠራ የባከነው 280 ሰዓት ነው፤ በ8 ሰዓት ሲካፈል 35 የሥራ ቀን ይሆናል። ከወር በላይ በነፃ መሥራት ማለት ነው። ልጁ ቆሞ ሲይዝ ያጠፋው ጊዜ አልተቆጠረም። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ማሽን ብቻ ያለው ሰው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ደህና ጠረጴዛ፣ መላጊያና መጋዝ ያለው ሰው ሥራውን ይቀጥላል።

እንግዲህ ጠረጴዛው ምን ዓይነት ይሁን? ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የገበታው ውፍረት 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በርም መስኮትም ያሠራል። ከፍታው የሚለካው በሠሪው ቁመት ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲለቀው መዳፉ ገበታው ላይ ተዘርግቶ የሚያርፍ ከሆነ ልኩ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር መካከል ይወድቃል። ከዚያ ከፍ ካለ መላጊያውን በክንድ ብቻ ሊገፋ ነው፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ወገቡን ይቆርጠዋል።

ብዙ ሰው 8 ሳንቲ ሜትር ሲባል ከአንድ ግንድ የወጣ ወፍራም ሳንቃ ይታየዋል። አያስፈልግም፤ እንዲያውም አይመከርም። ወፍራም ሳንቃ ለመድረቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ደርቆም ይጣመማል። የሚሻለው በ5 በ10 ሳንቲ ሜትር የተሰነጠቀ እንጨት ገዝቶ፣ ደርቆ ሲላግ 4 በ8 እንዲሆን ማድረግና 15ቱን በጠርዛቸው አቁሞ በኮላ ማጣበቅ ነው። አሥራ አምስት ጊዜ 4 ስድሳ ነው፤ ወርዱ ሞላ። እግሮቹም እንዲሁ ሦስት ሦስቱ ተጣብቀው 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ጠንካራ እንጨት ኮላ በቀላሉ ስለማይጠጣ በተላገበት ዕለት ማጣበቅ ይገባል፤ አድሮ ከሆነ አንድ ጊዜ በመላጊያ ይዳሰስ። የማጥበቂያ ብረት የሌለው ሰው ገበታውን በሁለት ጋድም እንጨቶች መካከል አስገብቶ በሽብልቅ እየመታ ማጥበቅ ይችላል፤ አባቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው።

እግርና አግዳሚው በምስማር አይያያዝም። ወንድና ሴት ተደርጎ ይጋጠም፤ ረጅሞቹ አግዳሚዎች ደግሞ ወንዱ ወዲያ ማዶ ወጥቶ በሽብልቅ ቢቆለፍ ይመረጣል። ሽብልቁ ሲላላ በመዶሻ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ቤት ሲለቀቅም ይነቀላል። ይህ ለተከራይ ትልቅ ነገር ነው። የፊተኞቹ እግሮች ከገበታው ጠርዝ ጋር እኩል መቆም አለባቸው፤ ወደ ውስጥ ከገቡ በርን በጎኑ አቁሞ ከእግሩ ጋር አስሮ መላግ አይቻልም። አካባቢያችን ላይ የሚታዩት ጠረጴዛዎች በዚህ ነገር ብዙዎቹ ይወድቃሉ፤ እንደ ምግብ ጠረጴዛ ይሠሩና ጠርዛቸው ወጣ ብሎ ይቀራል።

አሁን ሒሳቡ፦ ገበታው ወደ 0.1 ሜትር ኩብ፣ እግሮቹና አግዳሚዎቹ ተደምረው ወደ 0.07፣ በጠቅላላው 0.17 ሜትር ኩብ ነው። ፍርፋሪና ቁራጭ ሲታሰብ የሚገዛው ሩብ ሜትር ኩብ ያህል ነው። በሜትር ኩብ 750 ኪሎ በሚመዝን እንጨት ቢሠራ ጠረጴዛው ወደ 130 ኪሎ ይመዝናል። መላጊያ አይገፋውም።

ከቱቦላሬ ቢበየድስ የሚል ይኖራል። ለጋራዥ ይሆናል፤ ለአናጢ ግን መሮ ሲመታበት ይነጥራል፤ ስለት ሲያልፍ ብረት ይነካና ስለቱ ይሄዳል። የቺፕውድ ገበታም እርጥበት እስኪነካው ድረስ ብቻ ነው። ሁለቱንም ለሚመርጥ ሰው የምንለው የለንም፤ ገንዘቡ የራሱ ነው።

ከምን እንጨት ይሠራ የሚለው ግን ክርክር አለው። ደንበኛው ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድ ይላል። እነዚህ ስማቸው የገነነ ቢሆንም ሕጉን እንይ። በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከልክሏል። ያ አዋጅ በ542/1999፣ እርሱም በ1065/2010 ቢተካም ደኑን የመጠበቁ ሐሳብ አልተነሣም። በኮምቦልቻ አናት ላይ የጎፍ ደን ውስጥ ያለውን ጥድና ወይራ ቀና ብሎ ማየት ይቻላል፤ ከዚያ መጣ የተባለ ጣውላ መግዛት ግን ለነጋዴውም ለአናጢውም አደጋ ነው። ከገበሬ ማሳ የወጣ ዋንዛ ነው ከተባለም ወረቀቱን ሳያዩ አይክፈሉ።

ደግሞስ ዋንዛ ለዚህ ሥራ ምን ያደርጋል? ለቁም ሣጥንና ለወንበር የሚወደደው ቀላልና ለመሮ ምቹ ስለሆነ ነው። ደረቁ በሜትር ኩብ ከ400 እስከ 550 ኪሎ ቢመዝን ነው። ዝግባም በእኛ ዘንድ የተከበረ ቢሆንም በሳይንሱ አመዳደብ ከለስላሳዎቹ ወገን ነው። ወይራ በበኩሉ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው፤ ለመዶሻ፣ ለሽብልቅና ለመቆለፊያ ችንካር ይሁን እንጂ ለገበታ ቢውል የሚሠራበትን ለስላሳ እንጨት ያቆስላል፤ ከየትም በሕጋዊ መንገድ ያን ያህል አይገኝም። ሩቦ የተባለው ፈረንሳዊ አናጢ ከ1769 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተመው ሰፊ መጽሐፉ ለጠረጴዛ ያዘዘው በአገሩ በብዛት የሚገኘውን ተራ ጠንካራ እንጨት እንጂ ውድ እንጨት አይደለም።

የእኛ ተራ ጠንካራ እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ማገዶም ቤትም ሆኖልናል፤ እንዲያ ሆኖም ሲናቅ ይኖራል። ደረቁ ነጭ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ ከ700 እስከ 800 ኪሎ ይመዝናል። ለጠረጴዛ የሚፈለገው ክብደትና ጥንካሬ ይኸው ነው። ታዲያ ለምን አይሠራበትም ቢሉ «ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል» ይሉዎታል። እውነት ነው። ግን የሚሰነጠቀው ባሕር ዛፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እርጥቡን ስለምንሠራበትም ነው።

የጣውላ ገበያችን ድክመት እዚህ ላይ ነው። ጣውላ ሲሸጥ ዋጋው በርዝመትና በውፍረት ይነገራል፤ «ስንት ወር ደረቀ?» ብሎ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ገና በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ውኃ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት ጋር ሊተካከል ይችላል። ይህ ማለት ሁለት ኪሎ ጣውላ የገዛ ሰው አንድ ኪሎው ውኃ ነው። ውኃው ሲወጣ እንጨቱ ይኮማተራል። በእርጥቡ 60 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ የተሠራ ገበታ ደርቆ 4 ሳንቲ ሜትር ቢቀንስ አይገርምም፤ ኮላው ካልለቀቀ እንጨቱ ራሱ ይተረተራል። ደንበኛው ደግሞ «አናጢው አጭበረበረኝ» ይላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለነጋዴ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነው፤ ብርድና ጭጋግ ይበዛዋል፤ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም አለው። ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ይሞቃል፣ አየሩም ይደርቃል። ደሴ ጥላ ሥር ዓመቱን ሙሉ ተከምሮ የማይደርቅ እንጨት ኮምቦልቻ ቶሎ ይደርስለታል። የባሕር ዛፉ አንድ መገኛ የደሴ ዙሪያ ደጋ ነው፤ ማድረቂያው ቁልቁል፣ ገበያው ሁለቱም ጋ። እንዲህ ያለ አቀማመጥ ያለው ከተማ ብዙ አይደለም።

አደራረቁ ጥበብ እንጂ ምሥጢር የለውም። ግንዱ በተቆረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሰንጠቅ። የጣውላው ሁለት ጫፍ ወዲያው ቀለም ወይም ሰም ይቀባ፤ ውኃው በጫፍ በኩል በፍጥነት ስለሚወጣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ምስጥ እንዳይወጣበት በድንጋይ ወይም በብሎኬት እግር ላይ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይደርደር፤ በየድርብቡ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች በየግማሽ ሜትሩ ይግቡ፤ ከላይ ድንጋይ ይጫንበት። ፀሐይ አይንካው። ባሕር ዛፍ መጀመሪያ ላይ ከተቻኮሉት ውስጡ ይወድቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥላና ቀስ ያለ ነፋስ፣ ከዚያ በኋላ ከተፈለገ በላስቲክ የተሸፈነ የፀሐይ ማድረቂያ ቤት። ደረቀ አልደረቀም ለማወቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። ከድርድሩ አንድ ጣውላ ምልክት አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ መመዘን ነው፤ በበጋ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል።

የአውሮፓ አናጢዎች የቆየ ልማድ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይሰጣል። በኮምቦልቻ ሙቀት ለ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ዓመት ተኩል እንበል። አንድ ነጋዴ የ100 ሺህ ብር እርጥብ ጣውላ ደረደረ፤ ገንዘቡ የብድር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ቢሆን 24 ሺህ ብር ወለድ ይወጣበታል። ከድርድሩ አምስት አንዱ ተሰንጥቆና ተጣሞ ቢወድቅ የሚሸጠው 80 በመቶውን ነው። 124 ሺህ ብሩን ከዚያ ላይ ለማውጣት እርጥቡ 100 ብር የነበረውን ጣውላ 155 ብር መሸጥ አለበት። የቦታ ኪራይ፣ ዘበኛና ትርፍ ሲገባበት 180 ብር ቢል አይፈረድበትም።

ይህን የሚከፍል አለ ወይ? ርካሽ መሠላል ለሚሠራ ሰው የለም። በር፣ መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ለሚሠራ ግን መኖር አለበት። አንድ በር ተጣሞ ሲመለስ አናጢው የሚከስረው ጣውላውን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱን፣ ቀለሙን፣ መጓጓዣውንና ደንበኛውን ነው። ደንበኛውም ወደ አዲስ አበባ ፈርኒቸር ቤት ዞሮ ይቀራል። የ80 ብሩን ልዩነት ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። እርግጥ ነው፣ ነጋዴው «የደረቀ ነው» ብሎ እርጥቡን ከቀላቀለ ገበያው በአንድ ዓመት ይሞታል፤ ስለዚህ የተደረደረበት ወር በቀለም በጣውላው ጫፍ ላይ ይጻፍ።

ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛው ገንዘብ ለአንድ ዓመት ተኩል መታሰሩ ነው። ይሁን እንጂ ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና መያዝ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቷል፤ የተደረደረ ጣውላ ደግሞ የሚቆጠርና የሚታይ ንብረት ነው። ባንኮች ቤትና መኪና ብቻ የሚያዩበትን ዓይን ወደዚህ ቢያዞሩ ምን ይጎዳቸዋል? ሁለተኛው ይከብዳል። ባሕር ዛፉ ግንድ ከመሆኑ በፊት አጠና ሆኖ ያልቃል። ገበሬው ልጁን ሊድር ወይም ማዳበሪያ ሊገዛ ሲል ገና በአምስት በስድስት ዓመቱ በቁሙ ይሸጠዋል፤ ለጣውላ የሚሆነው ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር የወፈረ፣ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት የቆመ ዛፍ ነው። ደላሎች የሚሠሩት ሥራ እዚህ አለ፦ ከእያንዳንዱ ማሳ ላይ ቀጥ ያሉትን ጥቂት ዛፎች መርጦ፣ ለገበሬው ቀብድ ሰጥቶ፣ ሌላው ለአጠና ሲሸጥ እነርሱ እንዲቆዩ በጽሑፍ መዋዋል።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስና የቀረውን እንጨርስ። ሞርሳ መግዛት ያልቻለ ሰው ጋራዥ ከጣለው ክሪክ ጥርሱን አውጥቶ በእንጨት መንጋጋ ላይ ሊያስገጥመው ይችላል፤ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መንገድ ላይ ናትና ክሪክ አይቸግርም። ሌላው ደግሞ ገበታውን በ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት እየበሱ፣ ቀጥቃጭ በከዘራ ቅርጽ ያጎበጠውን ወፍራም ብረት በቀዳዳው አስገብቶ በመዶሻ መምታት ነው፤ እንጨቱን አንቆ ይይዛል፤ ከኋላ ሲመቱት ይለቃል። ገበታው ከእግሮቹ ጋር ሲያያዝ በአንድ ጎን ይጥበቅ፣ በሌላው ጎን ቀዳዳው ሰፋ ይበል፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ እንጨቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሄዳልና። ከዚያ የተልባ ዘይት ይጠጣ። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨምድዶ ጥግ ላይ መጣል ግን በራሱ እሳት ያስነሣል፤ ወይ ውኃ ውስጥ ይነከር ወይ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

በጥቅምት፣ ዝናቡ እንዳቆመ ተሰንጥቆ ኮምቦልቻ ላይ የተደረደረ ጣውላ ለከርሞ ሚያዝያ ይደርሳል። እስከዚያ ጠረጴዛ የቸገረው አናጢ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣውን ወራጅና ቋሚ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ አርባ ዓመት ጣራ ሥር የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፤ ምስማሩን በጥንቃቄ ይንቀልለት እንጂ።